አልጠፋ ያለ የናፍጣ ትራክተር ሞተር፦ ምክንያቱና መደረግ ያለበት

ትራክተር አልነሣም ሲል ሥራ ይቆማል፤ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ መካኒክም ይፈለጋል። አልጠፋም ሲል ግን ነገሩ እንደ ብልሽት የሚቆጠርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነጂው ማርሽ አስገብቶና ፍሬን ረግጦ ሞተሩን አንቆ ያጠፋዋል፤ በማግሥቱም ይኸንኑ ይደግማል። በዚህ ዓይነት አንድ የእርሻ ወራት ሙሉ የሚሠራባቸው ትራክተሮች አሉ። ትራክተሩ እስካረሰ ድረስ ማንም ቅር አይለውም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የልማት ሠራተኞች እንዲሁም ትራክተር ያላቸው ወይም የሚከራዩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ለይተው እንዲያውቁ ነው። አንደኛው ሞተሩ ማጥፊያው ተስቦ ሳለ ባለበት ፍጥነት ረግቶ መሥራቱን የሚቀጥልበት ሁኔታ ነው። ይህ ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በካቻቢቴና በፒንሳ የሚስተካከል ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ፍጥነቱን በራሱ እየጨመረ የሚሄድበት ሁኔታ ነው። ይህኛው ጊዜ አይሰጥም። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩን ሰባብሮ በአጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። በሁለቱም ጊዜ የሚሰማው ጩኸት «አልጠፋም አለ!» የሚል ነው፤ የሚወሰደው እርምጃ ግን በጣም ይለያያል።

የናፍጣ ሞተር የሚጠፋው በምንድን ነው?

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ካንዴላው በሚሰጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሆነ ቁልፉ ሲዘጋና ብልጭታው ሲቋረጥ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ሲሊንደሩ የገባውን አየር 1/16ኛ ገደማ ወይም ከዚያም ወደ አነሰ ይዞታ ይጨምቀዋል፤ በዚህም የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ላይ የተረጨ ናፍጣ ክብሪት ሳይሻ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ የሚፈልገው አየርና የሚቃጠል ነገር ብቻ ነው። የሚቃጠል ነገር ነው ያልነው፤ ናፍጣ ብቻ አላልንም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ የምንረዳው በእጅ ገመድ የሚጠፋን ሞተር ቁልፍ በማዞር ወይም ባትሪ በመንቀል ማጥፋት የማይቻል መሆኑን ነው። ባትሪ መንቀሉ ጉዳትም አለው። አልተርኔተር ያለው ትራክተር ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ከተነቀለ የኤሌክትሪኩ ኃይል በድንገት ዘሎ በአልተርኔተሩ ውስጥ ያሉትን ዲዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ነጂዎች ሞተር አልጠፋ ሲል መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ባትሪው በመሆኑ ይህ በተለይ ሊነገራቸው ይገባል።

ሞተሩን የሚያጠፋው ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከው ፓምፕ፣ መካኒኮች ፖምፓ የሚሉት፣ መላኩን ሲያቆም ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ባገለገሉት ትራክተሮች ላይ፣ ለምሳሌ በማሲ ፈርጉሰን 135፣ ነጂው በወንበሩ ፊት ያለውን የማጥፊያ እጀታ ሲስብ በሽፋን ውስጥ የሚያልፍ የሽቦ ገመድ በፖምፓው ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ ይጎትታል፤ ዘንጓም የናፍጣውን መንገድ ትዘጋለች። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ናዝሬት (አዳማ) ላይ በተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የተገጣጠሙት የቤላሩስ ትራክተሮችም በፖምፓቸው አሠራር የተለዩ ቢሆኑም የሚጠፉት በዚሁ መሠረት ነው። በኋላ የመጡት ትራክተሮች አብዛኛዎቹ የሚጠፉት ሶሌኖይድ በሚባል በኤሌክትሪክ በሚሠራ የናፍጣ መዝጊያ ሲሆን በእነዚህ ላይ ቁልፉን መዝጋት ሞተሩን ያጠፋል።

የልማት ሠራተኛው ወደ አንድ ማኅበር በሄደ ጊዜ ሌላ ምንም ባያደርግ እንኳ ነጂውን «ማጥፊያው ፖምፓው ላይ የት ጋ ነው? በእጅህ አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። በአንዳንድ ፖምፓዎች ላይ ሁለት ዘንጎች ይገኛሉ፤ አንዱ የነዳጅ መስጫው፣ ሌላው የማጥፊያው። በሌሎቹ ላይ ደግሞ የነዳጅ መስጫው ዘንግ ራሱ እስከ መጨረሻው ሲመለስ ናፍጣውን ይዘጋል። የትኛው እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ዘንጉ ቀይ ቀለም ይቀባ። በጭንቅ ሰዓት ኮፈን ከፍቶ ከቱቦዎች መካከል ዘንግ መፈለግ ከባድ ነው።

ሞተሩ ረግቶ እየሠራ አልጠፋ ሲል

በመጀመሪያ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይመለስና ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነቱ (በሚኒሞ) ይሥራ። ማርሹ ባዶ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማረሻው ወይም ሌላው መሣሪያ መሬት ይንካ፤ ከኋላ ለመውቂያና ለውሃ ፓምፕ ኃይል የሚሰጠው ዘንግ ይለቀቅ። ሞተሩ በሚኒሞው ረግቶ ከሠራ መቻኮል አያስፈልግም።

ቀጥሎ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የማጥፊያውን እጀታ ይሳብ፤ ሌላው ሰው ልብሱንና እጁን ከማራገቢያውና ከቺንጋው አርቆ በፖምፓው ላይ ያለችውን ዘንግ ይመልከት። የሚታየው ነገር ከሦስት አንዱ ነው። ዘንጓ ጨርሶ አልተንቀሳቀሰችም፤ ወይም በግማሽ ብቻ ሄዳ ቆመች፤ ወይም እስከ መጨረሻው ሄዳም ሞተሩ አልጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች ተመልካቹ ዘንጓን በእጁ እስከ መጨረሻው ይግፋት። ሞተሩ ከጠፋ ፖምፓው ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ያለው በገመዱ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ብቻ በማወቅ ማኅበሩ ትራክተሩን ወደ ከተማ የማጓጓዝ ወጪ ይድናል። እኛ እስከምናውቀው አልጠፋ ካሉት የድሮ ትራክተሮች የሚበዙት ችግራቸው እዚሁ ላይ ያበቃል።

ገመድ የሚበላሸው በብዙ መንገድ ነው። ጭቃና አቧራ በሽፋኑ ውስጥ ገብቶ በክረምቱ እርጥበት ይዝጋል፤ ሽቦው ከእጀታው ሥር አንድ በአንድ እየተበጠሰ ይሄዳል፤ የሽቦውን ጫፍ ከዘንጓ ጋር የሚያስረው ብሎን ይላላል። ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ሽፋኑን ከሞተሩ አካል ጋር የሚይዘው ማሰሪያ መላላቱ ነው። ሽፋኑ ካልተያዘ እጀታው ሲሳብ የሚጎተተው ሽቦው ብቻ ሳይሆን ሽፋኑም ስለሚሆን ዘንጓ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ነጂው ግን እጀታው በእጁ ስለመጣለት ገመዱ ደኅና ይመስለዋል።

ገመዱ የዛገ ከሆነ ተፈትቶ በናፍጣ ይታጠብ፤ ከዚያም ቀጭን ዘይት ከላይ እየተንጠባጠበለት ተሰቅሎ ይደር። ሽቦው መበጠስ ከጀመረ ግን በአዲስ መተካት እንጂ መቀጠል አይበጅም። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው በተበጠሰው ገመድ ፈንታ ተራ የማሰሪያ ሽቦ መዘርጋት ለጊዜው ሞተሩን ያጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን ሽቦው ወደ ማራገቢያው ሊገባ ይችላል። አዲሱ ገመድ ሲገጠም ደግሞ በጣም አይወጠር። እጀታው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ሳለ ዘንጓ ሙሉ በሙሉ ወደ መሥሪያ ቦታዋ መመለስ አለባት። ካልተመለሰች ሞተሩ በግማሽ ናፍጣ ስለሚሠራ ኃይል ያንሰዋል፤ ጠዋትም ለመነሣት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ነጂው «ፖምፓው ደከመ» ይላል፤ ማኅበሩም ለማያስፈልግ ጥገና ይከፍላል።

ሦስተኛው ሁኔታ፣ ማለትም ዘንጓ እስከ መጨረሻው ሄዳ ሞተሩ አለመጥፋቱ፣ የሚያመለክተው ዘንጓ በራሷ መሽከርከሪያ ላይ መላላቷን ወይም በፖምፓው ውስጥ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ክፍል መያዙን ነው። የላላች ከሆነ ብሎኗን ማጥበቅ ይበቃል። ክፍሉ ከተያዘ ግን ይህ የማኅበሩ መካኒክ ዛፍ ሥር ፈትቶ የሚያስተካክለው አይደለም። የፖምፓው የውስጥ ክፍሎች እጅግ በቀጠነ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ታበላሻቸዋለች፤ ከተፈቱም በኋላ የሚላከው ናፍጣ በመፈተሻ መሣሪያ ካልተለካ ሞተሩ በትክክል አይሠራም። ፖምፓው ሳይፈታ ተነቅሎ የፖምፓ መፈተሻ ወዳለው ጋራዥ ይላክ። እንዲህ ያለ ትራክተር እስኪጠገን መነሣት የለበትም። ናፍጣ መዝጋት ያልቻለ ክፍል ናፍጣ ከፍቶ በከፈተበት ሊቀርም ይችላልና ነገ የሚመጣው ከዛሬው የከፋ ሊሆን ይችላል።

ፖምፓ እንዲህ የሚያዘው በአብዛኛው በውሃና በቆሻሻ ናፍጣ ነው። ናፍጣ በበርሜል ተገዝቶ በሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ በርሜሉ ከመንገድ እንደደረሰ መቀዳት የለበትም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ቆሞ ይጥለል፤ ከሥሩ ያለውም አተላ አይቀዳ። የትራክተሩ የናፍጣ ጋን (ሰልባትዮ) በጠዋት ሳይሆን በማታ፣ ሥራ ሲያበቃ ይሞላ፤ ባዶ ጋን በሌሊቱ ቅዝቃዜ ከአየሩ ውሃ ያጠራቅማል። ትራክተሩ ከመኸር እስከ በልግ ቆሞ የሚከርም ከሆነ በየ15 ቀኑ ተነሥቶ ጥቂት ይሥራ፤ የማጥፊያው እጀታም ብዙ ጊዜ ይሳብ ይመለስ።

በሶሌኖይድ ለሚጠፉት ትራክተሮች ምርመራው እንዲያውም ይቀላል፤ ነገር ግን ሶሌኖይዱ ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት ኃይል እስካገኘ ድረስ ናፍጣውን ይከፍታል፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ ካልጠፋ በሶሌኖይዱ ራስ ላይ ያለው ሽቦ ይነቀል፤ ጫፉም ብረት እንዳይነካ ተደርጎ ይያዝ። ሞተሩ ከጠፋ ኃይል ከማይገባው ቦታ እየመጣ ነው፤ የቁልፉ መቀመጫ ተበላሽቷል፣ ወይም ሽቦዎች ተነካክተዋል፣ ወይም ደግሞ በቻርጅ መብራቱ መስመር በኩል አልተርኔተሩ ኃይል እየመለሰ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ሽቦዎቹን ከነካካ በኋላ ስለሆነ «ከዚህ በፊት መብራቱን ወይም ዲናሞውን የነካ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ሽቦው ተነቅሎም ሞተሩ ካልጠፋ ግን የሶሌኖይዱ መዝጊያ በቆሻሻ ተይዟል ወይም ሞላው ተሰብሯል፤ ስለዚህ ይቀየር።

ሁለተኛው ዓይነት በተቃራኒው ነው። ኃይል ሲያገኝ የሚዘጋ በመሆኑ ባትሪው ከደከመ፣ ፊውዙ ከተቃጠለ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ሞተሩን ማጥፋት ያቅተዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሽቦ መንቀል ምንም አይፈይድም፤ የሚፈለገው ኃይል ማድረስ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ሞተሩ መጥፋት ስላለበት፣ በእጅ ዘንጓን መግፋቱም ካልተሳካ፣ እኛ የምንመርጠው የናፍጣውን ቧንቧ ከጋኑ ሥር ዘግቶ መጠበቅን ነው። በማጣሪያዎቹና በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ናፍጣ እስኪያልቅ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃዎች ይሠራል፤ ከዚያም እየተንገዳገደ ይጠፋል። እንደገና ለማስነሣት አየሩን ከመስመሩ ማስወጣት የግድ ነው። ፖምፓው የውስጥ ማለስለሻው ራሱ ናፍጣው ስለሆነ ይህንን የዕለት ልማድ ማድረግ ግን ፖምፓውን ይበላል።

ማርሽ ላይ አንቆ ማጥፋትን ጨርሶ አንከለክልም፤ ገደል አፋፍ ላይ ወይም የናፍጣ ቧንቧ በሌለበት ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። ይህ የሚደረገው ሞተሩ በሚኒሞው ላይ እያለ፣ በሜዳ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት፣ ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች ተቆላልፈው፣ በከፍተኛው ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ በመልቀቅ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ከተሞከረ ትራክተሩ ፍሬኑን አሸንፎ ይሄዳል። ድንጋይ ከጎማው ፊት አድርጎ፣ ልጅ በአጠገቡ አቁሞ የሚደረገውን ግን አይተናል፤ እርሱ መከልከል አለበት።

ከኢንጀክተሮቹ የሚገቡትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እየፈቱ ሞተር ማጥፋትም በአንዳንድ መካኒኮች ዘንድ የተለመደ ነው። በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ግፊት ኢንጀክተሩን ለመክፈት ብቻ ከ170 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ከመርፌ ቀዳዳ አይበልጥምና ሰውየው ንቆ ሥራውን ይቀጥላል፤ በማግሥቱ እጁ አብጦ እስከ መቆረጥ ሊያደርሰው ይችላል። እንዲህ የተወጋ ሰው ባያመውም እንኳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሄዶ «ናፍጣ በግፊት ገባብኝ» ብሎ መናገር አለበት።

ሞተሩ ፍጥነቱን በራሱ ሲጨምር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ቀደም ሲል ሞተሩ የሚፈልገው የሚቃጠል ነገር እንጂ ናፍጣ ብቻ አይደለም ብለናል። የሞተር ዘይት በአየር መግቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ከገባ እንደ ናፍጣ ይቃጠላል። ፖምፓው ቢዘጋ፣ ጋኑ ባዶ ቢሆን ሞተሩ ግድ የለውም። የፍጥነት መቆጣጠሪያው (ገቨርነሩ) የሚቆጣጠረው ፖምፓውን ብቻ ስለሆነ ለዚህ ዘይት ልጓም የለውም። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ብዙ ዘይት ይስባል፤ ብዙ ዘይት በሳበ ቁጥር ይፈጥናል። ለምሳሌ የቤላሩስ ኤም.ቲ.ዜድ. 80 ሞተር የተሠራው በደቂቃ 2200 ዙር እንዲሠራ ነው። ከዚህ እጅግ ሲያልፍ ቫልቮላዎቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ቢዬላው ተበጥሶ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል።

ምልክቱ ሊሳሳቱት የሚቻል አይደለም። ነዳጅ መስጫው ተመልሶ ሳለ ድምፁ እየቀጠነ ወደ ጩኸት ይለወጣል፤ ከማርሚታው ወፍራም ነጣ ያለ ወይም ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። በፖምፓው ወይም በገቨርነሩ ብልሽት ምክንያት ናፍጣ ራሱ በሙሉ ተከፍቶ ከቀረም ፍጥነቱ እንዲሁ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጭሱ ወደ ጥቁርነት ያደላል። በዚያ ሰዓት ግን ዘይት ነው ናፍጣ ነው ብሎ መመራመር አያስፈልግም፤ ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አየሩን መዝጋት።

ነጂው ማጥፊያውን አንድ ጊዜ ይሳብ። ካልሠራ ሁለተኛ አይሞክር፤ ወደ አየር መግቢያው ይሂድ። አየሩ የሚገባበት አፍ በአንዳንዱ ትራክተር ከኮፈኑ በላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቆሞ ይታያል፤ በሌላው ከፊት መከለያው ውስጥ ነው። አፉ ክብና ግልጥ ከሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ ተደፍቶበት ተጭኖ ይያዝ። ዙሪያውን በወንፊት የሚስብ ከሆነ በውሃ በራሰ ወፍራም ጆንያ ተጠቅልሎ ይታፈን። አየር ያጣ ሞተር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይሞታል። በእጅ መዳፍ መዝጋት ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ መምጠጡ እጅን ይዞ ያቆስላል። ቀጭን ጨርቅም አይጠቅምም፤ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ካለ ወደ አየር መግቢያው መንፋት ይቻላል። የዱቄቱ ዓይነት ሞተሩን ስለሚጎዳ ሌላ ካልተገኘ ብቻ ነው የሚነፋው።

ይህንን በዚያ ሰዓት ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ማኅበሩ በሰላሙ ቀን ከአየር መግቢያው አፍ ሰፋ ያለ ጣውላ ቆርጦ፣ በአንድ ፊቱ የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ ለብጦበት ከነጂው ወንበር ጀርባ ያንጠልጥል። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ነጂውም ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ አንድ ጊዜ ገጥሞ ይሞክረው። ሞተሩ ካልጠፋ አየር በሌላ ቦታ፣ በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም በላላ ማሰሪያ እየገባ ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አቧራም ፋሻዎቹን እየጨረሰ ነውና ሙከራው ሁለት ጥቅም አለው።

በአጠገቡ ያሉት ሰዎች ከሞተሩ ጎንና ጎን ይራቁ፤ ብረት ሲፈነጠር የሚሄደው በአብዛኛው ወደዚያ ነው። አየሩን የሚዘጋው ሰው ብቻ ይቅረብ፤ እርሱም ሥራው ካልተሳካለት ትቶት ይሂድ። ትራክተር ይተካል።

ሞተሩ ያመለጠው በሥራ ላይ ሳለ ከሆነ አንድ ልናሳስበው የምንፈልገው ነገር አለ። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ፍሪሲዮን መርገጥና ማረሻውን ማንሣት ነው። ይህ ሞተሩን ከጭነቱ ነጻ ስለሚያወጣው ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ ይስፈነጠራል። የሚያርስ ትራክተር ካመለጠ ማረሻው ከመሬት አይውጣ፤ እንዲያውም በጥልቀት ይግባ፤ ፍሬኑም ይረገጥ። አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ራሱ ያንቀዋል። መውቂያ እያሽከረከረ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት እህል የሚያጎርሱትና ገለባ የሚያነሡት ሰዎች ይራቁ፤ ጭነቱ እንዳለ ሆኖ አየሩ ይዘጋ። ሰው ከተያዘ ብቻ ዘንጉ በዚያው ቅጽበት ይለቀቅ። ቆሞ ያመለጠን ትራክተር ግን በዚያ ፍጥነት ማርሽ አስገብቶ ለማነቅ መሞከር ክልክል ነው።

በአርሲና በባሌ በስንዴ አጨዳ ወራት ይህ አደጋ ሌላም መልክ አለው። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ከማርሚታው የእሳት ፍንጣሪ ይተፋል፤ ማሳው ደግሞ ደረቅ ገለባ ነው። ነዶ የተከመረበት አውድማ አጠገብ የሚቆም ትራክተር ሁሉ የማርሚታው አፍ ከነዶው በተቃራኒ ይሁን፤ ውሃና አፈርም ይዘጋጅለት።

ዘይቱ ከየት ይመጣል?

በድሮዎቹ ትራክተሮች ላይ የአየር ማጣሪያው (ዲፕራተሩ) ከሥሩ የዘይት ሳህን አለው፤ አየሩ በዚህ ዘይት ላይ ሲያልፍ አቧራው ይቀራል። ሳህኑ እስከ ምልክቱ ብቻ መሞላት ሲገባው «ብዙ ዘይት ብዙ ያጣራል» ብለው ከምልክቱ በላይ የሚሞሉ አሉ። ትርፉ ዘይት ከአየሩ ጋር ተስቦ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ በተለይ ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ሲያዘነብል። ይህን ለመከላከል ምንም ገንዘብ አያስፈልግም።

ሁለተኛው በሞተሩ ኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ከልኩ መብለጥ ነው። እዚህ ላይ ነጂው ራሱ አብዝቶ ባይሞላም ዘይቱ በራሱ ሊጨምር እንደሚችል መታወቅ አለበት። ናፍጣውን ከጋኑ የሚስበው ትንሹ ፓምፕ የውስጥ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ወይም የፖምፓው ማሸጊያ ካረጀ፣ ናፍጣ እየሾለከ ኮፓው ውስጥ ይጠራቀማል። ነጂው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲያወጣ ዘይቱ እንደማይጎድል አይቶ ደስ ይለዋል። ደስ ሊለው አይገባም። የቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ከትናንትናው ከፍ ያለ ዘይት ከተገኘ ሞተሩ አይነሣ፤ ዘይቱ ይፍሰስ፤ የሚያሾልከው ክፍል ይፈለግ። ናፍጣ የገባበት ዘይት ብሮንዚናዎቹንም ይበላል።

ፋሻዎቹ ባለቁበት ሞተር በኮፓው ውስጥ ያለው ትንፋሽ ስለሚበዛ የዘይት ጉም ተሸክሞ ይወጣል። የትንፋሽ ቱቦው ወደ አየር መግቢያው የተገጠመ ከሆነ ጉሙ ተመልሶ ይቃጠላል። ተርቦ ባላቸው ትራክተሮች ላይ ደግሞ የተርቦው ማሸጊያ ሲያልቅ ዘይት በቀጥታ ወደ አየሩ ይፈሳል። ተርቦውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በጣት መዳሰስ ይጠቅማል። ቀጭን ቅባት ቢኖር የተለመደ ነው፤ ዘይት ከተጠራቀመ ግን ተርቦው ለምርመራ ይላክ። እንዲህ ያለ ሞተር ከጠንካራ ሥራ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ሠርቶ ቢጠፋ ተርቦው ዕድሜ ያገኛል።

በብርድ ጠዋት ሞተር ለማስነሣት በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ በአየር መግቢያው ላይ ማድረግ፣ ወይም ኤተር አብዝቶ መርጨት በየቦታው ይታያል። የቤንዚን ትነት ራሱ ሞተሩን ያለ ልጓም ሊያስሮጠው ይችላል። በፈሰሰ ቤንዚን አጠገብም የናፍጣ ሞተር አይነሣ።

ካመለጠ በኋላ

አምልጦ የቆመን ሞተር «እስቲ አሁን ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ማስነሣት ተገቢ አይደለም። ምክንያቱ ሳይገኝ ከተነሣ እንደገና ያመልጣል። የሞተሪኖው ሽቦ ይነቀል፤ ወንበሩ ላይም ጽሑፍ ይንጠልጠል። የዲፕራተሩ ሳህን፣ የኮፓው ዘይት ልክና ሽታ፣ የአየር ቱቦዎቹ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል ይታዩ፤ ምክንያቱ ቢገኝም የቢዬላ ብሎኖች፣ ብሮንዚናዎችና ቫልቮላዎች በመካኒክ ሳይፈተሹ ትራክተሩ ወደ እርሻ አይመለስ።

የልማት ሠራተኛው መካኒክ እንዲሆን አንጠብቅበትም። ከእርሱ የሚፈለገው ለመካኒኩ ትክክለኛ መልእክት መላክ ነው። «ትራክተሩ አልጠፋም ብሏል» የሚል መልእክት የደረሰው መካኒክ ምን መሣሪያና ምን መለዋወጫ ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። በመልእክቱ ላይ የትራክተሩ ዓይነትና ቁጥር፣ የሚጠፋው በገመድ ወይም በቁልፍ መሆኑ፣ ዘንጓ በእጅ ስትገፋ ወይም የሶሌኖይዱ ሽቦ ሲነቀል ምን እንደሆነ ይጻፍ። ፍጥነቱ ጨምሮ ከነበረ የጭሱ መልክ፣ ከዚያ በፊት ዘይት የተሞላበት ቀንና የሞላው ሰው፣ እንዲሁም ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጨመር።